ዘይት እየጠጣ የሚኖር ሞተር

የጋራዡ ዋና መካኒክ የጥርስ ሐኪሙን መኪና ሞተር በገዛ እጁ ገደለና ገዳይዋ እኔ እንደሆንኩ ተናገረ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ግቢው መሃል ቆሞ፣ «የማይሆን ዘይት ከመደርደሪያ አውርዳ የሰጠችኝ እሷ ናት» አለ። እኔ የመለዋወጫ ክፍሉ ሠራተኛ ነኝ፤ ከዕቃ መስጫ መስኮቴ ኋላ መቆም ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የጋራዡ ባለቤት ነገሩን ሰምተው ሞተሩ ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ ባሉበት ይፈታ አሉ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ከተገኘ የመደርደሪያውን ቁልፍ አስረክቤ እሄዳለሁ።

ሐሙስ ጠዋት መካኒኩ ከመኪናው የወጣውን ሞተር የሥራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከመስኮቴ አራት እርምጃ ርቆ ይፈታው ጀመር። የባለቤቱ ታላቅ እህት ደግሞ እንደ ወትሯቸው ሹራባቸውን ይዘው መጥተው መስኮቴ ሥር ተቀመጡ። አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ እሳቸውን ማጫወት የፈለገ ሰው መጮህ አለበት። እኔም ጮህኩ። ያልኩት ይኸውና፣ ከነሙሉ ክብሩ፦

እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ጉልበትዎስ ዛሬ ተሻለው? እሰይ። ቆይ ይቺን ትራስ ከጀርባዎ ላድርግልዎ… እንደሱ። ሹራቡ የልጅ ልጅዎ ነው አይደል? አቤት ሲያምር! ክንዱ ትንሽ የረዘመ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ልጅ ያድጋል ብለው አስበውበት ነው። እርስዎ መቼም ሳይለኩ አይጀምሩም። መርፌ ከማንሳትዎ በፊት ልጁን ፊትዎ አቁመው፣ እጁን ዘርጋ፣ ዙር፣ ቀጥ በል ብለው ነው። ሰው ሁሉ እንደርስዎ ለክቶ ቢጀምር…

ኧረ ምንም አላልኩም። ስለ ሹራብ ነው የማወራው።

ድምፄ አልበዛብዎትም? ጥሩ። እኔ እኮ ጩኸት አልወድም፤ ለጆሮዎ ብዬ ነው። ያውም ዛሬ ጋራዡ ቁልፍ በቁልፍ ላይ ሲያንቃጭል ነው ያረፈደው… አሁንስ ጸጥ አለ? መስሎኝ ነው ወይስ እውነትም ጸጥ አለ? ለምን ይሆን? ሥራ ላይ ያለ ሰው ቆሞ ወሬ የሚያዳምጥ አይመስለኝም፤ በተለይ ትልልቅ ባለሙያዎች። አዎ፣ ይኸው ቀጠለ። እንግዲያው እኔም ልቀጥል።

አንድ ሰው ላጫውትዎት። አያውቁትም። ቢያውቁትም እንደማያውቁት ይያዙልኝ። ስም አልጠራም፤ ስም ማንሳት ሐሜት ነው፣ እኔ ደግሞ የማወራው ምስጋና ነው። እንዴት ያለ ጎበዝ መሰለዎት! ሌላው መካኒክ ምስኪን ነው፤ ሞተር ፊት ቆሞ አገጩን እያሻሸ ይኼ ነው ወይስ ያ ነው እያለ ጊዜውን ያባክናል። አንዳንዱማ ጭራሽ መመሪያ ገልጦ ያያል፣ አያሳፍርም? ይኼኛው ማሰብ የሚባለውን ነገር ለኛ ለቦዘኔዎቹ ትቶልናል። ኮፈኑ ገና ግማሽ ሳይከፈት በሽታውን ያውቀዋል። እንዲያውም አንዳንዴ መኪናዋ ገና በር ላይ ሳለች ነው የሚያውቀው።

እጁ ደግሞ ቸር ነው። ጠርሙስ አይቶ ሳይከፍት አያልፍም። የራዲያተር ውኃ ጎደለ? ጠርሙስ። ሞተሩ ተንገጫገጨ? ጠርሙስ። ጭስ በዛ? ሁለት ጠርሙስ። በር ሲዘጋ ሲጢጥ ቢል እንኳ ለሱም የሚሆን ጠርሙስ ሳጥኑ ውስጥ አይጠፋም። ምርመራ ምን ያደርጋል እትዬ? ሰው መድኃኒቱን አስቀድሞ ከያዘ፣ በሽታው ፈልጎት ይመጣ የለ?

እርስዎ ሮታሪ ሞተር ያውቃሉ? እኔም አላውቅም ነበር። ያወቅሁት የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ሐኪሙ ያቺን ዝቅ ያለች ቀይ መኪናቸውን ይዘው የመጡ ዕለት ነው። ይስሙኝማ፣ ያስደስትዎታል። ሌላው መኪና ውስጥ ፒስቶን አለ አይደል? ላይ ታች፣ ላይ ታች፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ። የዚች ግን ላይ ታች የለም። ወገቡ ጠበብ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይዞራል፤ በሦስቱ ጫፎቹ ላይ ልክ እንደ ሹራብ መርፌዎ የቀጠኑ ብረቶች አሉ። እነሱ ጎድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ብቅ ጥልቅ እያሉ ግድግዳውን ታክከው ይሄዳሉ። ጉልበቱ እንዳያፈተልክ የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ታዲያ ብረት በብረት ላይ በደረቁ ይሄዳል? አይሄድም። ስለዚህ ሞተሩ ራሱ ከዘይቱ ጠብ፣ ጠብ እያደረገ ያጠጣቸዋል። ያም ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ነድዶ ይወጣል። ይንደድ ተብሎ ነው የተሠራው። ዘይት መጠጣቱ በሽታው አይደለም እትዬ፤ ምሳው ነው።

ከየት አወቅሽ አሉኝ? ከራሷ ከመኪናዋ መሳቢያ። መመሪያው እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳለትም። ሐኪሙ ሻይ ሲጠጡ እኔ አስፈቅጄ አነበብኩት። ምን ላድርግ፣ አመል ነው። ከትምህርት ቤት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ወረቀት፣ የዘይት ቆርቆሮ ጀርባ፣ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ። አንድ ጊዜ የውኃ መሳቢያ መመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቤ ጨረስኩ፤ የውኃ መሳቢያ እኮ የለኝም! ቤት የሚያከራየኝ ሰው «ምን ሆንሽ?» ቢለኝ፣ መጨረሻው እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ፈልጌ ነው አልኩት። የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ ያነባል። የሚያውቅ ሰው ምን አደከመው?

ታዲያ ያ ጎበዝ ሰው የዘይት መለኪያዋን መዘዘ። ዘይቱ ቀንሷል። ከሥር ጎንበስ ብሎ አየ፤ የትም አይንጠባጠብም። «ይቺ ዘይት ትጠጣለች፤ ታማለች» አለ። ባለመኪናው እንደ ሞኝ «ኧረ ከድሮም ትጠጣለች፤ ነዳጅ ሁለት ጊዜ በሞላህ ቁጥር ዘይቷን እይላት ተብዬ ነው የገዛኋት» አሉ። ባለንብረት ስለ ንብረቱ ምን ያውቃል? ስምንት ዓመት ብቻ እኮ ነው የነዷት። እሱ ግን ስምንት ደቂቃ ሙሉ አይቷታል!

ከዚያ የጎደለውን ለመሙላት ከመደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ ዘይት ፈርሞ ወሰደ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ከገዛ ሳጥኑ ሁለት ጠርሙስ አወጣ። ከገዛ ሳጥኑ ነው ያልኩት፣ እትዬ፤ ያችኛዋ ጆሮዎ ሰማች? ከገዛ… ሳጥኑ። የዘይት ማወፈሪያ፣ እንደ ማር የሚዝለገለግ። ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ «ለማንኛውም ሞተር» ይላል። ሁለቱንም ሞተሩ ውስጥ ገለበጣቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ዘይት መጠጣት ታቆማለች» አለ። ደግሞ አልዋሸም! ቃሉን ጠባቂ ሰው ነው። ይኸው ዛሬ አንዲት ጠብታ አትጠጣም። ሙት ምን ይጠጣል?

ይስቃሉ እንዴ እትዬ? ይሳቁ፣ ይሳቁ፤ ሳቅ ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ።

የሚገርመው፣ አንዲት ሴት ነበረች። መስኮት ላይ የምትሠራ፤ ይቺንም አያውቋትም። አንገቷን አውጥታ «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ዘይቷን የምታቃጥል ናት፤ ይኼ ማወፈሪያ ሲነድድ አመዱ የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችው። መጠየቅ ነውር ነው? እሱ ደግሞ እንዴት ያለ አሳቢ ነው፣ «አንቺ ልብወለድሽን አንብቢ» አላት። የንባብ ሰዓቷ እንዳይባክን እኮ ነው የተጨነቀላት! ስንት ወንድ ነው እንዲህ ለሴት ልጅ ዕውቀት የሚቆረቆር?

ጭማሪ የተባለ ሁሉ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሐቁን እንናገር። በነዚህ ሞተሮች ፍቅር የተያዙ ሰዎች አሉ፤ ቤንዚናቸው ውስጥ ያቺን ከቤንዚን ጋር ተቀይጣ የምትነድደውን የሞተር ሳይክል ዘይት ጥቂት ጠብ ያደርጋሉ፤ ምንም አይሆኑም። እሷ እንድትነድድ ሆና የተሠራች ናት። ነድዳ፣ ዕቃዋን ጠቅልላ፣ እንደ ጨዋ ተከራይ ደኅና ሁኑ ብላ ትወጣለች። ማወፈሪያው ግን ሌላ ነው። በተራው መኪና ውስጥ እሳት ሳያገኘው ከሥር ሲዞር ይኖር ይሆናል፤ እዚህ ግን እሳቱ መሃል ነው የሚገባው። ግማሹ ይነድዳል፣ ግማሹ ግድግዳውና ብረቶቹ ላይ ይጋገራል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ስትነድድ ምን ትተህ ትሄዳለህ? ጠርሙስን መጠየቅ ደግሞ ቀላል ነው፣ ጀርባውን ማዞር ነው።

እንዲያውም ስለ ጠርሙስ ካነሳን፣ አበቦቼን አዩልኝ? አዎ፣ የፕላስቲክ ናቸው፤ ግን ማስቀመጫዎቹን ይዩ፤ ሁለቱም መልካቸው አንድ ነው፣ መንታ! ከቆሻሻ መጣያው ነው ያገኘኋቸው። እንዲህ ያለ ውብ ጠርሙስ ይጣላል? አጥቤ፣ አድርቄ፣ ይኸው መስኮቴን አሳመሩልኝ። ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር አለ፤ ፊደሉ ደቀቀብኝ። መነጽርዎ አለ? እስቲ በሞቴ ያንብቡልኝ። ጮክ ብለው እትዬ፣ እኔም ዛሬ ጆሮዬ ደከም ብሏል።

«ዘይትን ከነዳጅ ጋር ለሚያቃጥሉ ሞተሮች…» እሺ… «…አይሆንም።»

አይሆንም ነው የሚለው? «ይሆናል» እንዳይሆን፤ እስቲ መነጽሩን ጠረግ አድርገው ይድገሙልኝ። …አይሆንም። ወይ ጉድ! ግን ይኼ የተጻፈው ለኛ ለመሃይሞቹ ይሆናል። ጎበዝ ሰው የጠርሙስን ፊት አይቶ ይጨርሳል፤ ጀርባ ማየት የተጠራጣሪ ሰው ጠባይ ነው።

ምን ወደቀ? …ካንዴላ ነው፣ ያቺ ሞተሩን የምትለኩሰው? አንሱለት፣ አንሱለት፣ ይሰበራል። እጅ ሲያልበው ያዳልጣል። ያውም በዚህ ብርድ! ሥራ የሚወድ ሰው በበረዶ መሃልም ያልበዋል።

እና ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ቸርነቱን። ሳምንት አልሞላትም፣ መኪናዋ ዳገት አልወጣ አለች፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች፤ ከዚያ ጭራሽ በገመድ ተጎትታ መጣች። ሌላ ሰው ቢሆን ጥፋቱን ለብቻው አቅፎ ይቀመጥ ነበር፣ ስግብግብ! ይኼ ግን ሰጪ ነው። ሰዉ ሁሉ እያየ፣ አንዲት ፍንጣሪ ለራሱ ሳያስቀር፣ ጥፋቱን እንዳለ ለዚያች ሴት ሰጣት። ከመደርደሪያዋ ነው አለ። እሷ እኮ አፏ ስለታም ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን የት ገባ? እንዲህ ያለ ስጦታ ተቀብላ አታውቅማ።

ለሷ ያቺ መስኮት ደሞዝ ብቻ አይደለችም እትዬ። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረች ሴት፣ ጢማም ጢማሙ ወንድ ሁሉ ዝገታም ብሎን ይዞ መጥቶ «ይኼ የምን ነው?» ብሎ የሚጠይቃት ቦታ ከዚህ ሌላ የት አላት? ስትሄድ ደግሞ ሥራ ለቀቀች አይባልም፤ የሰው ሞተር የገደለችው ተብላ ነው የምትሄደው። ከዚያ በኋላ ማን ብሎን ያሳያታል? ዛሬ ጠዋት የመደርደሪያዋን ቁልፍ በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የመጣችው። አውጪ ከተባለች ከኪስ ስትፈልግ ሰው ቆሞ እንዳያያት…

አይ፣ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው። የጋራዥ ነገር።

ኧረ እትዬ፣ ዞር ይበሉ፣ ዞር ይበሉ! ክዳኑ ተነሳ። ሐኪሙ ጎንበስ አሉ። ወንድምዎም መጡ፣ መነጽራቸውን አድርገዋል። ሐኪሙ ከደረት ኪሳቸው ምንድን ነው ያወጡት? …ያቺን ጥርስ የሚፍቁባትን መንጠቆ! ከነመሣሪያቸው ነው የመጡት፣ እኔ አፈር ልሁንላቸው። ይፍቃሉ። አመድ የመሰለ ነገር ተፈረፈረ። ደግሞ ይፍቃሉ። ብረቶቹን ሊነቀንቁ ይሞክራሉ፣ ንቅንቅ የለም፤ ሦስቱም ጎድጓዳቸው ውስጥ ተጋግረው ቀርተዋል። ምን አሉ? …«ሃያ ዓመት ብሩሽ ያልነካው ጥርስ ላይ ነው እንዲህ ያለ ድንጋይ የማየው» አሉ? አይ ሐኪም! ለማሾፍ እኮ አይደለም፤ ሰውየው ሙያቸውን ነው የተናገሩት። ሙያውን የሚናገር ሰው እንዴት ደስ ይላል።

«ምን ጨመርክበት?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። …እሱ መልሱ እዚያ ያለ ይመስል ሳጥኑን ከፍቶ ይበረብር ጀመር።

አሁን ደግሞ ወንድምዎ ወደዚህ እየመጡ ነው። ደኅና አደሩ ጋሼ። የዘይቱን ቆርቆሮ? ይኸው፣ ከዚያው መደርደሪያ፣ ከዚያው ረድፍ፤ ይህ ደግሞ ያን ዕለት እሱ ራሱ የፈረመበት የማውጫ ወረቀት ነው። መመሪያው? ሐኪሙ ጋ ነው፤ ገጹን አጥፌላቸዋለሁ። …እያስተያዩ ነው እትዬ። ቆርቆሮው ላይና መመሪያው ላይ ያለውን የዘይት ቁጥር በጣታቸው እየተከተሉ ነው። አንዴ… ሁለቴ… አንድ ነው አሉ? አንድ ነው? እኔማ ምን አውቄ፤ ልብወለድ አንባቢ።

ጠርሙሶቹንም ይፈልጋሉ? ይውሰዷቸው ጋሼ። አበቦቹን ላውጣልዎት… ወይም ከነአበቦቹ ይውሰዷቸው። ሞተሩ አጠገብ ቢቀመጡለትም አይከፋም፣ መቼም ሲሞቱ አበባ ይገባቸዋል።

ቁልፉን? …አንገትሽ ላይ ይቆይ? …እሺ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ። አይ፣ ምንም አልሆንኩም። አቧራው ነው አልኩ እኮ።

ቀስ ይበሉ እትዬ፣ አሁን ደግሞ ሌላ እንግዳ እየመጣልን ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው የሚመጣው። ጨርቁ ከእጁ ይበልጥ ቆሽሿል፣ ግን ይጥረግ፤ ደግ ነው። ወንድምዎ ናቸው የላኩት። እንደላኩት ደግሞ ከአረማመዱ ያስታውቃል።

አቤት ወንድሜ? …ምን አልክ? ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ስለተናገርክ እኮ ነው። እትዬም አልሰሙህም፤ በዚህኛው ጆሯቸው በኩል ዞር በልና ድገምላቸው። …ትንሽ ከፍ። ግቢው መሃል እንደምትናገረው አድርገህ። …እንዲያ ነው! ይቅርታ? ለምኑ? እኔ እኮ ለእትዬ ስለ አንድ የማናውቀው ሰው ነው ሳጫውታቸው ያረፈድኩት። አንተን ማን አነሳህ? ስምህን የጠራ አለ እትዬ? ይኸው፣ የለም አሉ።

ሰው ይሳሳታል? እንዴታ! ሰው ነው የሚሳሳተው፤ ጠርሙስማ ጀርባው ላይ ተጽፎበታል። …ቂም? እኔ? ምን ቂም አለብኝ፣ ያውም በዚህ ዕድሜዬ። በል ሞተሩን ፍታና እጠበው፤ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሲታዘዙ እኔው ነኝ የማወጣልህ፣ እዚሁ መስኮት ላይ ነኝ፣ የትም አልሄድም። …ምን ቀረህ ታዲያ? …መርቂኝና ነገሩ ይብቃ? ውይ፣ አንጀቴን በላኸው። ልመርቅህ እንጂ። ቅረብ፤ እትዬም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ነው።

«ዕድሜ ከጤና ይስጥህ ወንድሜ። ቤትህ ይሙላ፣ ልጆችህ ይደጉልህ፣ እጅህ አይዛል። ክፉ አይንካህ። እንዲያው ድንገት የታመምክ እንደሆነም፣ ልክ እንዳንተ ያለ ሐኪም ይዘዝልህ።»